ከዐቃቤ ሕግነትና ከነጻ የሕግ ድጋፍ የቱ ይቅደም? ለደብረ ማርቆሷ ተመራቂ የተሰጠ መልስ

እኅቴ፣ በሕግ ተመርቀሽ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ከመሆንና ለድሆች ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማኅበር ከመቀጠር የቱን እንደምታስቀድሚ ጠይቀሻል። እኔ በምሥራቅ ጎጃም ስድስት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት፣ ሦስት ዓመት በተከላካይ ጠበቃነት፣ ከዚያም በአንድ አገር በቀል ማኅበር ሠርቻለሁ። በእኔ እምነት በመንግሥት ቤት ብትጀምሪ ይሻላል፤ የድሃ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ችሎት ፊት ሳይሆን ገና ማስረጃው ሲሰበሰብና ክሱ ሲጻፍ መሆኑን የምታዪው እዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ዓመቴ ከያዝኳቸው መዝገቦች ብዙዎቹ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚመለከቱ ነበሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት ካልሞላት እስከ 7 ዓመት፣ ከሞላት ደግሞ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ይሁን እንጂ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑ፣ ዕድሜዋን የምናስረዳው በሐኪም ግምት ነበር፤ ግምቱ «ከ16 እስከ 18» ተብሎ ሲመጣ ክሱ በዚያው ይላላል። ምስክሮቹም አጎቷ፣ ጎረቤቷና የክርስትና እናቷ ስለሆኑ፣ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሽማግሌ ገብቶ «ታርቀናል» ይባላል። የአንደኛ ክፍል የምዝገባ መዝገቧን ከትምህርት ቤቷ እንዳስመጣ የመከሩኝ የመዝገብ ቤታችን አዛውንት ሠራተኛ ነበሩ። ከእሳቸው የተማርኩት ከመምህሮቼ ከተማርኩት አያንስም (መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ)።

ስለ ተከላካይ ጠበቃነት ብዙ አልልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዝዛል፤ እኔ ግን ብዙዎቹን ደንበኞቼን ያወቅኋቸው በችሎቱ ቀን ጠዋት ነበር።

በማኅበሩ ሳለሁ የመጡ አንዲት ባልቴት ከሟች ባላቸው ጋር በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ጎን ለጎን ተለጥፎ ሳለ፣ የባላቸው ወንድሞች ማሳውን አርሰው ያዙባቸው። በፍርድ ቤት ደጅ በክፍያ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ «ሁከት ይወገድልኝ» (ይዞታዬን የያዙብኝ ይልቀቁልኝ) ማለት ሲገባው «ውርስ ይጣራልኝ» ብሎ ስለ ጻፈላቸው ከአንድ ዓመት በላይ ተንከራተቱ፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ለሁከት ክስ የሰጠው የሁለት ዓመት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የዳኝነት መክፈያ ስላልነበራቸው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ እንዲከራከሩ አስፈቅደን፣ ክሱን ከእንደገና ጽፈን አስገባን። መሬታቸው ተመለሰላቸው። እኔ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ መዝገብ ማገላበጥ ባልለምድ ኖሮ፣ ስሕተቱ ርዕሱ ላይ መሆኑን ቶሎ አልደርስበትም ነበር።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም አይከለከልም። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዳኝነት ጀምረው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱ በኋላ፣ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ስለ ደመወዝ የጠየቅሽው ተገቢ ነው። ማኅበር የተሻለ ቢከፍልም ቅጥሩ በፕሮጀክት ዕድሜ የተወሰነ ነው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቦ ስለ ነበር ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ተበትነዋል፤ ገደቡን ያነሣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። እኔ ራሴ ፕሮጀክታችን በተዘጋ ጊዜ ሁለት የይግባኝ መዝገቦች እጄ ላይ ቀርተው፣ በራሴ ትራንስፖርት ባሕር ዳር እየተመላለስኩ ጨረስኳቸው። ስለዚህ ማኅበሩን ከመረጥሽ፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በክርክር ላይ ያሉ መዝገቦችን ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ እንዲገልጹልሽ ጠይቂ።