መልስ፦ ሮቦት የልጄን ፊዚዮቴራፒ ይተካል ወይ?

እህቴ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የ5 ዓመት ልጅሽ የእጁን ስፖርት አልሠራም እያለ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። በቪዲዮ ያየሽው ትንሽ ሮቦት ባለሙያውን ይተካ እንደሆነም ጠይቀሻል። አይተካም። ግን ያግዛል።

ያየሽው ናኦ የሚባለው ይመስለኛል። ቁመቱ 58 ሴንቲሜትር ነው፤ ከልጅሽ ያንሳል። የልጁን እጅ ይዞ አያነሳለትም። የራሱን እጅ ያነሳል፣ ይቆጥራል፣ «ጎበዝ!» ይላል። ሥራው ማበረታታት ነው። ልጅ አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመህ ሥራ ሲባል ይሰለቸዋል፤ ሮቦቱ ግን አይታክትም። ችግሩ፣ ልጁ ሲለምደው ሮቦቱም ይሰለቸዋል። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚበጀው የሚወስነውም ባለሙያው ነው።

እኔ እዚሁ ጅማ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሮቦት የለኝም፤ ቡና ግን ሞልቷል! ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ በትኜ፣ የማክመው ልጅ በደካማ እጁ አንድ በአንድ እየለቀመ ሲኒ ውስጥ እንዲጥል አደርጋለሁ። ፍሬዋ ሲኒው ውስጥ ስታቃጭል ደስ ይለዋል። ቤት ስትሞክሩት እህት ወይ ወንድም ካለው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አብሮት ይልቀም፣ ይቁጠርለት። ወደ አፉ እንዳይከት አጠገቡ ሁኚ። ሲደክመው አቁሙ። ቀጠሮውን ግን አደራ፣ እንዳታስቀሪ።