ቦይለሩ እስኪበላሽ አትጠብቁ፦ የማሞቂያ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታልና የሌሎች የሕዝብ ሕንፃዎችን ማሞቂያ ከቦይለር (ነዳጅ አቃጥሎ ሕንፃውን የሚያሞቅ ውሃ ከሚያፈላው መሣሪያ) በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ሄት ፓምፕ ስለመቀየር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የጋዝ ቦይለር 25 ዓመት ሆኖታል፤ ግን ይሠራል። የሚሠራ ዕቃ ለምን ይነቀላል?

ዛሬውኑ ንቀሉት አልልም። ዕቅዱን ግን ዛሬ ጀምሩ። ያረጀ ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሥራ በሚበዛበት በብርዱ ወቅት ነው። ያኔ ልጆቹ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ኃላፊዎቹ ይጨነቃሉ፣ ለማሰብ ፋታ የለም። ቶሎ የሚገጠመው ያው የድሮው ዓይነት ቦይለር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሌላ 20 ዓመት ጋዝ ሲቃጠል ይኖራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሄት ፓምፕ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል ይባላል። እንዴት ይሆናል?

ሙቀቱን አይፈጥረውም፤ ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት አውጥቶ በጀርባው ይለቃል። ሄት ፓምፕም እንዲሁ ከውጭ አየር፣ ከመሬት ወይም ከወንዝ ሙቀት ወስዶ ወደ ሕንፃው ያስገባል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1938 ከሊማት ወንዝ ሙቀት የሚወስድ ሄት ፓምፕ ነበረው፤ ማሽኑም ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ከጋዝ ይወደዳል። ታዲያ ቁጠባው የት አለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። የ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋችሁን ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ዋጋ አካፍሉት። ውጤቱ 2 ከሆነ ወጪያችሁ በደንብ ይቀንሳል። 3 አካባቢ ከሆነ ብዙም ለውጥ የለውም። 4 ከሆነ ደግሞ፣ ማሽኑ በጣም ጥሩ ካልሆነ በቀር፣ ሂሳቡ ሊጨምር ይችላል።

ማሽኑን ጥሩ የሚያደርገው ወደ ራዲያተሩ (ሙቅ ውሃ እየገባበት ክፍሉን ወደሚያሞቀው ብረት) የሚሄደው ውሃ ሙቀት ነው። የድሮ ሕንፃዎች 70 እና 80 ዲግሪ ውሃ ለምደዋል። ሄት ፓምፕ ደግሞ ውሃው በቀዘቀዘ መጠን ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። ስለዚህ ምንም ሳትገዙ አንድ ሙከራ አድርጉ። ብርድ በበረታበት ሳምንት ወደ ራዲያተሮች የሚሄደውን ውሃ 55 ዲግሪ ላይ አድርጉት። የቧንቧውን ሙቅ ውሃ ግን አትንኩ፤ የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ሌጅዮኔላ ባክቴሪያ እንዳይራባ በማጠራቀሚያው ውስጥ 60 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ከዚያ ክፍሎቹን ዞራችሁ እዩ። ከሞቁ ሕንፃው ዝግጁ ነው። ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ከቀዘቀዘ ለእነሱ ትልቅ ራዲያተር ይበቃል። ሁሉም ከቀዘቀዘ ግን መጀመሪያ ጣሪያውንና መስኮቱን አስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩ ራሱ በጋዝ ወይም በድንጋይ ከሰል ከመነጨስ?

በጋዝ ቦይለር 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለማግኘት ከ200 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሄት ፓምፑ ሦስት እጥፍ የሚሰጥ ከሆነ፣ የኤሌክትሪኩ ልቀት በኪሎዋት ሰዓት ከ600 ግራም በታች እስከሆነ ድረስ ያሸንፋል። በአብዛኛው ከከሰል የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ከጋዝ የሚመነጨው ግን አያልፍም።

ጥያቄ፦ በጣም ብርድ በሆነ አገርስ ይሠራል?

ይሠራል። ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ በሰፊው ይጠቀሙበታል።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ነን። ሙቀት ለአንድ ሌሊት እንኳ ሊቋረጥብን አይችልም።

አሮጌውን ቦይለር በመጠባበቂያነት አቆዩት። ሕንፃው ከፍተኛውን ሙቀት የሚፈልገው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ለእነዚያ ቀናት ብሎ ግዙፍ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መካከለኛ ሄት ፓምፕ የዓመቱን አብዛኛውን ሙቀት ይሸፍናል፤ ቦይለሩ የቀረውን ያግዛል።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም።

ሄት ፓምፑን የሚገጥመው ድርጅት በራሱ ወጪ ገጥሞ ከሚገኘው ቁጠባ ላይ የሚከፈልበት የውል ዓይነት አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ያለፉትን ሦስት ዓመታት ፍጆታ በእጃችሁ ያዙ። መነሻው ካልታወቀ ቁጠባው ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ ድርጅቱ ብቻ ይሆናል። የተባለው ቁጠባ ካልመጣ ኪሳራው የማን እንደሆነም በውሉ ይጻፍ።

እስከዚያው የማሞቂያውን ሰዓት ቆጣሪ ሄዳችሁ እዩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ትምህርት ቤት ገብቼ ራዲያተሮቹ ሲያቃጥሉ፣ መስኮቶቹም ተከፍተው አግኝቻለሁ። ማንም አልነበረም። ሰዓቱን ለማስተካከል አሥር ደቂቃ በቂ ነበር።