«ሳይክሊክ» የተባለ ሁሉ ተራ ጠብቆ ይመለሳልን?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምነግድ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በኬሚስትሪ ደብተሯ ላይ «ሳይክሊክ ውህዶች» ብላ ጽፋ አየሁ። ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ደግሞ የገበያው መቀዛቀዝ ሳይክሊክ ስለሆነ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል ይለኛል። በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችንም የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሳይክሊክ ነው፣ ተራው ገና አልደረሰም እያሉ ያጽናኑናል። ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነውን? ጎርፉስ በእርግጥ ተራ አለውን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱ ሰዎች በአንድ ቃል ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይናገራሉ፤ ከሦስቱም አሳሳቢው የመጨረሻው ስለሆነ ቦታ ልንቆጥብለት ወደድን። ከልጅዎ እንጀምር።

በኬሚስትሪ ሳይክሊክ መሆን የቅርጽ ጉዳይ ነው፤ ከጊዜ ጋር አይገናኝም። የካርቦን አቶሞች ተያይዘው ሰንሰለት ሲሠሩ ሁለቱ ጫፎች ክፍት ሊቀሩ፣ አለዚያም ተገናኝተው ቀለበት ሊሆኑ ይችላሉ። ሄክሴን 6 ካርቦንና 14 ሃይድሮጅን ያለው ክፍት ሰንሰለት ሲሆን፣ ሳይክሎሄክሴን ግን ያንኑ 6 ካርቦን ይዞ 12 ሃይድሮጅን ብቻ አለው፤ ጫፎቹ እርስ በርስ ለመያያዝ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሃይድሮጅን መልቀቅ አለባቸውና። ልጅዎ ይህን የሁለት ሃይድሮጅን ጉድለት በሚገባ ከተረዳች ብዙ የፈተና ጥያቄ ይቀልላታል። ቀለበቱ በጣም ሲጠብም ጣጣ አለው፦ የሳይክሎፕሮፔን ሦስት ካርቦኖች ትስስራቸው በ60 ዲግሪ እንዲታጠፍ ይገደዳል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ካርቦን የሚስማማው 109.5 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀለበቱ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይከፈታል። ቤንዚን የተባለው ውህድም (መኪና ላይ የምንሞላው ነዳጅ ሳይሆን የኬሚስቶቹ ቤንዚን) የቀለበት ቅርጽ እንዳለው ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። በጂኦሜትሪም አራት ማዕዘኖቹ በአንድ ክብ ላይ ያረፉ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ሳይክሊክ ይባላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ማዕዘኖቹ ሁልጊዜ ተደምረው 180 ዲግሪ ይሆናሉ።

ቀጠሮውን የማያዛንፍ የጊዜ ዑደት ለማየት ከአገራችን ባሕረ ሐሳብ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ድምሩ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 7515 ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበረ፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ሆነች። የሰባቱ ዕለታትና የአራቱ ወንጌላውያን ዙር አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ28 ዓመት ሲሆን፣ ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። የጨረቃው ዙር 19 ዓመት የሆነው 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ልዩነት ብቻ ስለሚገጥሙ ነው። 28 በ19 ሲባዛ 532 ይሆናል፤ የፋሲካ ቀኖች ቅደም ተከተል ከመነሻው እንደገና የሚደገመው በዚህ በዐውደ ቀመር ፍጻሜ ነው። እንደ እርስዎ በድሬዳዋ ለሚነግድ ሰው የሂጅራው አቆጣጠርም ከዚህ የሚያንስ ጥቅም የለውም። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ ዒድና ዐረፋ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደ ፊት ይቀድማሉ፤ በሐረር የሚከበረው ሹዋሊድም አብሯቸው ይጓዛል፤ ወደ ቀድሞ ወቅታቸው የሚመለሱት ከ32 እስከ 33 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የዐረፋ ገበያ ዘንድሮ መቼ እንደሚደምቅ አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው ዙሩ ቋሚ ስለሆነ ነው።

ዙሩ ቋሚ ነው ማለት ግን ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ መሐንዲሶች ይህን የተማሩት ከባቡር ነው። የባቡር ጎማ ሲዞር ዘንጉ በጭነቱ ይጎብጣልና አንዱ ገጹ ሲለጠጥ ተቃራኒው ይጨመቃል፤ ግማሽ ዙር በኋላ ይገለባበጣሉ። የጎማው ዲያሜትር (ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሐሉ ሲለካ) አንድ ሜትር ነው ብንል በአንድ ኪሎ ሜትር 318 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ እስከዚህ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነበር፣ ዘንጉ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ95,000 ጊዜ በላይ ይለጠጥና ይጨመቅ ነበር ማለት ነው። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ዎለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንዳሳየው፣ ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት የማይሰብረው ክብደት እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምበት ሊሰብረው ይችላል። ሳይክሊክ ጫና የሚባለው ይህ ነው። ዘንጉ በየዙሩ ወደ መነሻ ቦታው ቢመለስም በውስጡ የጀመረው ስንጥቅ አይመለስም።

አሁን ወደ ባንክ ቤቱ ሰው። ኢኮኖሚ ከፍና ዝቅ እንደሚል እውነት ነው፤ ሙያው ያንን የንግድ ዑደት ይለዋል። መቀዛቀዙን ተከትሎ የሚመጣ ሥራ አጥነትም፣ ሙያው ራሱ ከገበያ በመውጣቱ ከሚመጣው መዋቅራዊ ሥራ አጥነት ለመለየት ሳይክሊክ ይባላል። ይሁን እንጂ የዚህ ዑደት ርዝመት ቋሚ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1980 የጀመረው የዕድገት ወቅት በ12 ወር ሲያበቃ፣ በሰኔ 2009 የጀመረው ግን 128 ወር ቆይቷል። ስለዚህ ደንበኛዎ «ያልፋል» ማለታቸው ልክ ሊሆን ይችላል፤ «ጊዜውን ጠብቆ» ማለታቸው ግን ከሳይንሱ የተገኘ አይደለምና ብድር የሚወስዱ ከሆነ በዚህ አነጋገር ላይ ተመሥርተው ባይሆን እንመክራለን። የዐረፋን ገበያና የኢኮኖሚን መቀዛቀዝ በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ጎርፉ ከዚህም የተለየ ነው። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ በስተደቡብ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ዝናብ ሲጥል በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚሞላ ወንዝ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዝናቡ ወቅት በየዓመቱ ይመለሳል፤ እስከዚህ ድረስ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። የታላቁ ጎርፍ መምጣት ግን ተራ የለውም። የውኃ መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣና ለ99 ዓመት ያርፋል ማለታቸው አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለታቸው ነው። አምና የመጣ ጎርፍ የዘንድሮውን ዕድል አይቀንሰውም። ስሌቱን ብናራዝመው፣ 30 ዓመት በወንዙ ዳር የሚኖር ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህም ቁጥር የሚይዘው የተፋሰሱ ሁኔታ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው፤ በላይኛው ተዳፋት ደኑ ሲመነጠር፣ በታች ደግሞ ቤት ወደ ወንዙ ሲጠጋ ከዚያው ዝናብ የሚመጣው ጉዳት ስለሚጨምር፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራው ስሌት ለዛሬ አያገለግልም።