ከርነሉ ካርዱን ለብቻው ለምን አይሰጠኝም?

ጥያቄ፦ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። በሊኑክስ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ዊንዶውስ ለጫንሁበት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር ለተሠራ ኮምፒውተር) ልሰጥ ስሞክር «ቡድኑ ብቁ አይደለም» የሚል መልእክት ይመጣል። ቡድን የሚባለው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንድ ላይ የሚቆጥራቸው ካርዶች ስብስብ ነው፤ በእሱ ውስጥ የኔትወርክ ካርዴም አለበት። የጠየቅሁት አንድ ካርድ ነው፤ ለምን ለብቻው አይሰጠኝም? ቡድኑን የሚከፋፍል የከርነል ማስተካከያ አግኝቻለሁ፤ ልጫነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እባክዎ አይጫኑት። ይህን የምለው እኔው ጭኜው ስለማውቅ ነው። በአንድ የሙከራ ሰርቨር ላይ ቡድኑን ከፋፍዬ ኔትወርክ ካርዱን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጠሁ፤ የዲስክ መቆጣጠሪያውን ለሰርቨሩ አስቀረሁ። ሳምንታት ያለ እንከን ሠራ። የቨርቹዋል ማሽኑን ሚሞሪ ከ1 ወደ 3 ጊጋባይት ባሳደግሁበት ዕለት ግን የዲስክ መቆጣጠሪያው ዝም አለ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ጥፋቱን ዲስኩ ላይ ስፈልግ አደርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያሉ ካርዶች ፕሮሰሰሩን ሳይጠብቁ በቀጥታ ሚሞሪ ላይ ይጽፋሉ። ቨርቹዋል ማሽኑ ለካርዱ የሚነግረው አድራሻ ግን የራሱን እንጂ የእውነተኛውን ኮምፒውተር አይደለም። ስለዚህ አይኦኤምኤምዩ የሚባለው ክፍል መካከል ቆሞ አድራሻውን ይተረጉማል፤ ያልተፈቀደለትንም ይመልሳል። እንደ ግቢ ዘበኛ ይቁጠሩት። ዘበኛ የሚያየው በዋናው በር የሚያልፈውን ብቻ ነው። ሁለት ካርዶች በአንድ ማከፋፈያ ስር ካሉና ማከፋፈያው ሁሉንም ወደ ላይ እንዲልክ ካልተገደደ፣ አድራሻው ከጎረቤት ካርድ አድራሻ ጋር ሲገጥም እዚያው ውስጥ ለውስጥ ያቀብለዋል። ከርነሉ በአንድ ቡድን የሚያስቀምጣቸው እንዲህ ያሉትን ካርዶች ነው። የእኔ ቨርቹዋል ማሽን ሚሞሪው ሲሰፋ የዲስክ መቆጣጠሪያው የተቀመጠበት አድራሻ ላይ ደረሰ። ለዚህ ክፉ ሰውም ሆነ የተበላሸ ድራይቨር አላስፈለገም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊኑክስ 3.6 ጋር የገባው ቪኤፍአይኦ፣ ማለትም ካርዶችን ለቨርቹዋል ማሽን የሚሰጠው የከርነል ክፍል፣ ባለቤትነትን በካርድ ሳይሆን በቡድን የሚለካው ለዚህ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ከኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖችን ከሚያሠራው የሊኑክስ ክፍል) ጋር የተጣበቀው መንገድ ካርዱን በነጠላ ይሰጥ ነበር። የከርነል ፕሮግራመሩ አሌክስ ዊልያምሰን የመራው ይህ የቪኤፍአይኦ ሥራ ከልቤ የማከብረው ነው፤ ሃርድዌሩ ሊለያቸው የማይችላቸውን ሁለት ነገሮች ተለያይተዋል ብሎ ተጠቃሚውን አይዋሽም። በ2023 ከወጣው ሊኑክስ 6.2 ጋር የመጣው አይኦኤምኤምዩኤፍዲም ብዙ ነገር ቢለውጥ የቡድኑን ፍተሻ አልተወም።

ለእርስዎ የሚሻለው ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ ወደሚገናኝ ሌላ ማስገቢያ ማዛወር ነው። ከዚያ የቡድን ቁጥሩን እንደገና ይመልከቱ። የካርዱ የድምፅ ክፍል በዚያው ቡድን ውስጥ ቢገኝ አይደንግጡ፤ አብሮ ይሰጠው። ሌላ ማስገቢያ ከሌለዎት ኔትወርክ ካርዱንም ጨምረው ለዊንዶውሱ ይስጡትና ለሊኑክሱ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ ይግዙለት።