ከመነዳሪ ያለው ጎማ ወይስ ቲዩብለስ?

ጥያቄ፦ በየቀኑ በ125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለማስተማር እመላለሳለሁ። ጎማዎቼ አልቀዋል። ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ያለውን ልግዛ ወይስ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራውን ቲዩብለስ?
መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎማው በፊት ቸርኬውን ይመልከቱ። በቀጫጭን የብረት ዘንጎች የተወጠረ ከሆነ በአብዛኛው ምርጫ የለዎትም፤ አየር በዘንጎቹ ቀዳዳዎች ስለሚሾልክ ከመነዳሪ የግድ ነው። ቀዳዳዎቹን በማጣበቂያ ደፍነው የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። እርስዎ እባክዎ አይሞክሩት።

ቸርኬው ድፍንና ለቲዩብለስ የተሠራ ከሆነ ግን ሳያመነቱ ቲዩብለሱን ይግዙ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ምሽት ከጢስ ዓባይ ስመለስ ምስማር የኋላ ጎማዬን ወጋው። ከመነዳሪው ባንድ ጊዜ ተንፍሶ ሞተሩ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር፤ ከዚያም በጨለማ እስከ ጎሚስታው ድረስ እየገፋሁ ሄድኩ። በቲዩብለስ ምስማሩ ራሱ ቀዳዳውን ይዞ ስለሚቆይ አየሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ጎማውን ሳይፈቱም ቀዳዳው በጎማ ገመድ ይደፈናል። መድፈኛውንና የእጅ መንፊያውን ከሞተሩ አይለዩ። ጎኑ ከተቀደደ ግን ይህ አይረዳም፤ ጎማው መቀየር አለበት። የአየሩንም መጠን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ።