ሠሪው ያስረከበውን መፈተሽ ሥራ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ የባቡር ሐዲድና ፉርጎ በሚፈትሽ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሯል። እኛ ጎጃም ውስጥ ባቡር የለንም። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «ሌላው የሠራውን እፈትሻለሁ» ይለኛል። ሠሪው ጨርሶ ያስረከበውን መልሶ ማየት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው? ወደፊትስ ያኖረዋል? (አባት፣ ከደጀን)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባታችን። ጥርጣሬዎ አልገረመኝም፤ ሐዲዱን ሳይረግጡ ቢሮ ተቀምጠው ማኅተም የሚያሳርፉ አማካሪዎችን እኔም አልወድም። ልጅዎ መስመር ላይ የሚውል ከሆነ ግን ሥራው የምር ነው።

ሐዲድ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ከውስጥ ነው። ከላይ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ብረት ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ባቡር በተመላለሰበት ቁጥርም ስንጥቁ ይሰፋል። ስለዚህ ፈታሹ አልትራሳውንድ ይጠቀማል፤ ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት የምትታይበት ዓይነት ነው። እዚያ ጄል እንደሚቀባ ሁሉ እዚህም ውኃ ይፈስሳል፤ በመካከል አየር ካለ ድምፁ ብረቱ ውስጥ አይዘልቅም። ስንጥቅ ያገኘ ድምፅ ነጥሮ ይመለሳል፣ መሣሪያው ያሳያል።

ሙቀትም አለ። እርስዎ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቁታል። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይፈልጋል። ተበይዶና ታስሮ መሄጃ ካጣ ኃይሉን በውስጡ ያምቃል፤ ሲብስበት ወደ ጎን ይጣመማል። ልጅዎ «ይህ ሐዲድ ሲታሰር የብረቱ ሙቀት ስንት ነበር?» ብሎ ተቋራጩን ቢያስጨንቅ አይፍረዱበት።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጀርመን አገር ኤሸዴ ላይ በባቡር አደጋ 101 ሰዎች የሞቱት የአንድ ባቡር እግር የብረት ቀለበት በመሰበሩ ነው፤ ስንጥቁ የጀመረው ከውጭ በማይታየው የውስጥ ፊቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር ሃትፊልድ ላይ በባቡር የሆነው ግን ይበልጥ ያናድደኛል። ሐዲዱ መሰነጣጠቁ ታውቋል፣ መተኪያው ሐዲድም ቦታው ደርሶ ነበር፤ ሳይቀየር ቀርቶ አራት ሰዎች ሞቱ።

ስለ እንጀራው ልንገርዎ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲስ የነበረው እያረጀ ስለሚሄድ ፍተሻው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ደንበኞቹ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም ብረትን ሳይሰብሩ መፈተሽ የተማረ ሰው ባቡር ብቻ አይጠብቅም፤ የነዳጅ ታንከርም፣ የፋብሪካ ቦይለርም፣ እርስዎ ዓባይን የሚሻገሩበት ድልድይም ብየዳና ብረት አለው። ለዚህ ሙያ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ባለሦስት እርከን የምስክር ወረቀት አለ። ድርጅቱ ሁለተኛውን እርከን ያስተምረው እንደሆነ ልጅዎ ይጠይቅ፤ ከዲግሪው ይልቅ የሚያስቀጥረው እርሱ ነው።

እርስዎ ደግሞ ለበዓል ሲመጣ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የሚከፍላቸው ማን ነው? ባቡሩን የሚያስኬደው ነው ወይስ ሐዲዱን የዘረጋው ተቋራጭ? ተቋራጩ ከሆነ፣ «ይህ ሐዲድ አያስኬድም» ብሎ የጻፈው ሪፖርት ማን እጅ እንደሚገባ ጨምረው ይጠይቁት።