ሒሳብና ፊዚክስን አጣምሮ መማር፦ ዕቅዱ ከመጨረሻው ይጀምራል

እህቴ፣ «ሒሳብና ፊዚክስን አጣምሬ በአራት ዓመት መጨረስ እችላለሁ ወይ? የቱንስ ላስቀድም?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ተምሬ ስለጨረስኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ይቻላል፤ ዕቅዱ ግን ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚሠራው።

የሚያስቸግረው የክሬዲቱ ብዛት ሳይሆን የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ነው። በፊዚክስ መካኒክስን ሳታልፊ ወደ ኤሌክትሮማግኔቲዝምም ሆነ ወደ ኳንተም መካኒክስ መግባት አስቸጋሪ ነው። ከፍተኛዎቹ ኮርሶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጡ፣ አንዱ ካመለጠሽ ዓመት ትጠብቂያለሽ። ሒሳብ ካልኩለስና የማረጋገጫ (ፕሩፍ) አጻጻፍ ከታለፉ በኋላ ይላላል፤ አናሊሲስን (ካልኩለስን ከመሠረቱ በማረጋገጫ የሚያጠናውን) ከአብስትራክት አልጀብራ ብታስቀድሚም ብታስከትዪም ብዙ አይጎዳሽም። ስለዚህ መጀመሪያ የፊዚክሱን ኮርሶች በየሴሚስተሩ አስቀምጪ፤ ሒሳቡን በክፍተቶቹ ሙዪ።

አደራ የምልሽ ግን ሊኒየር አልጀብራን (የቬክተርና የማትሪክስ ሒሳብን) ከኳንተም በፊት እንድትወስጂ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ባያስገድድሽም። በኳንተም የሚለካ ነገር ሁሉ በኦፕሬተር (ቬክተርን ወደ ሌላ ቬክተር በሚቀይር፣ እንደ ማትሪክስ ባለ ነገር) ይወከላል፤ በልኬት የሚገኘውም የኦፕሬተሩ አይገን ቫልዩ ነው፤ ማለትም ኦፕሬተሩ አቅጣጫቸውን ሳይለውጥ የሚያባዛቸው ቬክተሮች የሚባዙበት ቁጥር። የኤሌክትሮን ስፒን (ሽክርክሪት መሰል ውስጣዊ ባሕርይው) በአንድ አቅጣጫ ሲለካ ውጤቱ ለምን ከሁለት አንዱ ብቻ እንደሚሆን፣ 2 በ2 ማትሪክስ ላይ እጇን ያፍታታች ተማሪ ወዲያው ይገባታል። ያላፍታታችው ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በአንድ ሳምንት ልትማር ትገደዳለች።

የሁለቱ ክፍሎች ጠባይም ለየቅል ነው። የፊዚክሱ መምህር የዲራክን ዴልታ (ከአንድ ነጥብ በቀር በሁሉም ቦታ ዜሮ ሆኖ ኢንቴግራሉ ግን 1 የሚባለውን) ኢንቴግራል ውስጥ ከትቶ ያልፋል፤ የሒሳቡ መምህር «ይህ ፈንክሽን አይደለም» ብሎ ይቆጣል። እኔን እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ያዝናናኝ ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሎራን ሽዋርትዝ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው፣ የፈንክሽንን ትርጉም የሚያሰፋው የዲስትሪቢውሽን ንድፈ ሐሳብ ሁለቱንም እንደሚያስታርቅ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ላብራቶሪን አትናቂ። ክሬዲቱ ትንሽ ቢሆንም የስሕተት ስሌቱና ሪፖርቱ ሌሊት ያስነጋሉ። ሪል አናሊሲስም አንድ ጥያቄ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ የሚያስቀምጥ ነውና ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አትደርቢ።

የትኞቹ ኮርሶች ለሁለቱም ዲግሪ እንደሚቆጠሩ ከሁለቱም ክፍሎች በጽሑፍ ተቀበዪ፤ የቃል ተስፋ የክፍል ኃላፊ ሲቀየር ይረሳል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከከበደሽ አንዱን ንዑስ ትምህርት (ማይነር) ማድረግ ነውር የለውም። ለድኅረ ምረቃ የምታስቢ ከሆነ፣ በተረፈሽ ጊዜ ከአንድ መምህር ጋር ምርምር መሥራት ከሁለተኛው ዲግሪ ስም ይበልጥ ይጠቅምሻል።